ሩቁ ጠርዝ

አሰልጣኝ ዴልበርት ረንየን ከካሜራው ማማ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው የተገኙት ሐሙስ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓይናቸው አልተከደነም። ከሰሜን የገባው፣ ሰሜኔ የሚሉት ብርዳም ነፋስ አቧራውን እያፈሰ ፊታቸው ላይ ይበትናል፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን አያርገበግቡም። ኖኤ ካንቱን ያስፈራው ደሙ አልነበረም። ያስፈራው ይህ አለማርገብገባቸው ነበር።

ኖኤ የሎሚታ ኮሌጅ ቡድን ወርዋሪ ነው። ሁለት ጫፏ የሾለውን ኳስ ከመሐል ተቀብሎ ለጓደኞቹ የሚያደርስ፣ ሲያሸንፉ የሚታቀፍ፣ ሲሸነፉ በስሙ የሚሰደብ እሱ ነው። ገና ሃያ ዓመቱ ነው። እናቱ ከዚያ በስተደቡብ፣ ከድንበሩ ወንዝ አጠገብ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ሽንኩርት ትለያለች። እሱን የሚያስተምረው ቀኝ ክንዱ ነው፤ ክንዱ ከቆመ ትምህርቱም ይቆማል።

ሰዉን በክርኑ እየገፋ ሲገባ ሦስት የሚያውቃቸው ሰዎች አስከሬኑን ከበዋል። ዋናው አሰልጣኝ ሮይስ ቲድዌል ተንበርክከው ጃኬታቸውን እያለበሱ ነው። ልምምዱን የሚቀርጸው ክሊፍ ናንስ፣ ካሜራውን ሊያወርድ መጥቶ ሬሳ ያገኘው እሱ ነውና፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። የግንቡ አሰልጣኝ ድዋይት ሶሬልስ ደግሞ ክንዳቸውን እንደ አጥር ዘርግተው ሰው ይመልሳሉ። ግንቡ የሚባሉት ወርዋሪውን ከፊት ሆነው የሚሸፍኑት አምስቱ ግዙፎች ናቸው።

«አንተ ልጅ! የት ነበርክ እስካሁን?» አሉት ሶሬልስ።

«ክፍሌ ነበርኩ... ተኝቼ» አለ ኖኤ።

ውሸት ነበር። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው፤ ነገር ግን የተፋውን ምራቅ ማን ይመልሳል? ከልምምድ ወጥቶ በቀጥታ የሄደው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወደምትኖረው ወጌሻ፣ ወደ ዶኛ ቼሎ ቤት ነበር። ቀኝ ትከሻው ከታመመ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ከተናገረ ተጠባባቂው ፔል ቦታውን ይወስዳል። ዶኛ ቼሎ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። «ልጄ፣ አሽሻለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ገንዘብም አልፈልግ። ፖሊስ ብቻ ደጄ እንዳታመጣብኝ» ብላ በእናቱ ስም አስምላዋለች። እሱም ምሏል።

ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

በማግሥቱ ጠዋት የአውራጃዋ መርማሪ ወይዘሮ ቨርና ሆልሸር መጡ። ወፈር ያሉ፣ አጭር፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። የሸሚዛቸው ኪስ ሁልጊዜ በተቆላ ሱፍ የተሞላ ነው። በዚያ አገር ከልደት እስከ ቀብር የኳስ ወሬ የማይነሳበት ቀን የለም፤ ኳስ የሰለቸው ሰው ቢፈለግ ግን ምናልባት እርሳቸው ብቻ ይገኙ ይሆናል። መጀመሪያ የወጡት ማማው ላይ ነው። ሲወርዱ መዳፋቸው ላይ አንድ ፊሽካ ነበር።

«የማማው ዙሪያ ብረት ደረቴ ድረስ ይመጣል» አሉ ለቲድዌል። «ሰው ተደናቅፎ አይዘለውም። ነፋስ ገፋቸው እንበል። ይህን ፊሽካ ከአንገታቸው በጥሶ ወለሉ ላይ የተወውስ የትኛው ነፋስ ነው?»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ አደጋ መሆኑ ቀረ።

መጀመሪያ ያስጠሩት ኖኤን ነበር። ፊልም ከሚታይበት ክፍል ጎን ባለችው ጠባብ ቢሮ ተቀምጠው ሱፋቸውን ይፈለፍላሉ።

«ተቀመጥ ልጄ። ሱፍ ትበላለህ?»

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ትናንት ልምምድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የት ነበርክ?»

«ክፍሌ። ተኝቼ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማንም።»

«እንቅልፍ መጥፎ ምስክር ነው» አሉና ከፊታቸው ያለውን ማያ ወደ እሱ አዞሩት። «ይኼስ ማነው?»

ኖኤ አየ። በምስሉ ውስጥ እሱ ራሱ ሜዳው ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ከሩቁ የሜዳ ጠርዝ በተተከለ ባዶ በርሜል ላይ ያነጣጥራል። ከካሜራው ኋላ የሟቹ አሰልጣኝ፣ ተጫዋቾቹ ኮች ዴል የሚሏቸው የረንየን ድምፅ ይሰማል፤ «ዘገየህ! ድገም!» በምስሉ ጥግ ላይ ሰዓት ይቆጥራል። የጀመረው አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ነው፤ የሚያበቃው አሥራ ሁለት ከአምስት ላይ።

«ይኼ... ይኼ ማክሰኞ ነው!» አለ።

«ምስሉ የተቀረጸበት ካርድ ላይ ‹ሐሙስ› የሚል ተለጥፏል። ካሜራው ውስጥ ያገኘነው ይህንኑ ካርድ ነው።»

«ማክሰኞ ነው እያልኩዎት! ከልምምድ በኋላ ሁልጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው ለብቻዬ የሚያሠሩኝ። ምስሉ ሰዓት እንጂ ቀን አይጽፍም። ለዚህ ብለው ነው አምስት ካርድ ላይ የቀን ስም ለጥፈው ማማው ላይ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጡት። የማክሰኞውን አውጥተው ይዩት!»

«ማክሰኞ የሚል ካርድ ሣጥኑ ውስጥ የለም።»

ኖኤ ወንበሩ ከሥሩ የሸሸ መሰለው። በዚህ ምስል መሠረት ሟቹ ሬሳው ከመገኘቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ከእሱ ጋር ነበር፤ እሱ ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ተኝቼ ነበር ብሏል። ሌላ ሰው ቢነግረው እሱም አያምንም ነበር።

ወይዘሮ ቨርና ግን አልጮኹበትም። ምስሉን ወደ ኋላ መልሰው አንድ ሁለቴ አዩት።

«አንድ ነገር አስረዳኝ። እኔ በዚህ ጨዋታ መሃይም ነኝ። ሌላውን ውርወራ ሁለት ሁለቴ አሠርተው ያልፉታል፤ ይቺን አንዷን ግን ሃያ ጊዜ ያስደግሙሃል። ለምን?»

«ሩቁ ጠርዝ ናት» አለ ኖኤ። ስለ ኳስ መጠየቁ ትንፋሽ ሰጠው። «ጨዋታ የሚጀመረው ሜዳው ላይ ከተሰመሩት ሁለት ምልክቶች በአንዱ ነው። በደሞዝ የሚጫወቱት ጋ ምልክቶቹ የተቀራረቡ ናቸው፤ ኮሌጅ ግን የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ኳሷ በግራው ምልክት ላይ ስትሆን የቀኙ ጠርዝ በጣም ይርቃል። ከላይ ለሚያይ አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ፊት ብቻ ናት። ወደ ኋላ የማፈገፍገውንና ሜዳውን የማቋርጠውን ሲደምሩት ግን አርባ እርምጃ ይመጣል።»

«እና አርባ እርምጃ መወርወር ያቅታል?»

«መወርወሩ አይደለም፤ መቆየቷ ነው። አየር ላይ ትቆያለች። ኮች ዴል ‹ተከላካዩ ጸሎቱን አድርሶ ይደርስባታል› ይላሉ... ይሉ ነበር። ከፍ ካደረጓት ትጠለፋለች። ዝቅ አድርገው አጥብቀው ሊልኳት ይገባል፤ ያውም ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳያዞር። የሚወረውሩት ለሰው ሳይሆን ለባዶ ቦታ ነው። በዓይን ጥቅሻ ያህል ቢዘገዩ አለቀ። እዚህ አገር ደግሞ ነፋሱ አለ፤ ገፍቶ ያሳልፋታል ወይ መልሶ ያስቀራታል።»

«ቅርቡስ?»

«ቅርቡ ምን ችግር አለው? ከእጅ ወጥታ እጅ ትገባለች። ነፋስም አያገኛት።»

ወይዘሮ ቨርና ማኘካቸውን አቆሙ። ሱፉ ከንፈራቸው ላይ ቀረ።

«በዚህ ወር ሦስቴ ኳስ እንደተጠለፈብህ ጋዜጣው ጽፏል።»

«ሦስቱም ሩቁ ጠርዝ ላይ ናቸው» አለ ኖኤ እያፈረ። «ግን ደግሞ... ተከላካዮቹ አስቀድመው እዚያው ናቸው፤ ሳልወረውር። ባለፈው ቅዳሜማ የባሰ ነበር። ኮች ዴል ‹ሄልሜትህን ሁለቴ ንካና ኳሷን ለሯጩ ስጥ፤ ለማንም አትናገር› አሉኝ። ነካሁ። ኳሷ ሳትነሳ ተከላካዩ ወደ ሩቁ ጠርዝ ፈረጠጠ! እዚያ ግን ምንም የለም። ዞር ብዬ ሳይ ኮች ዴል ይስቃሉ። ሳቃቸው ደስ የሚል አልነበረም።»

«ደግ። ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ።»

ኖኤ ተነሣ። በሩን በግራ እጁ ሲከፍት መርማሪዋ አየር ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። የሸተታቸው ትከሻው ላይ ያለው የዶኛ ቼሎ ቅባት ነበር። አውቀውበት ይሆን እያለ እየፈራ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። አንድ ፖሊስ ከጎኑ ቆሟል። የቢሮው በር መቀርቀሪያው የተሰበረ ነውና ገርበብ እንዳለ ቀረ፤ ወሬው ሁሉ ይሰማል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ኖኤ እጁ በካቴና ታስሮ እናቱ በዜና ስታየው ታየው።

ከእሱ ቀጥለው የገቡት ቲድዌል ናቸው። ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ከሩብ ሬዲዮ ጣቢያ በቀጥታ ሲያወሩ እንደነበር አስረዱ። «ከተማው ሁሉ ሰምቶኛል። ሰሜኔው የጣቢያውን ጣሪያ ሊገነጥለው ሲል እንኳ በማይክራፎኑ ተሰምቷል።»

«ሰሜኔው ስንት ሰዓት ገባ?»

«አሥራ አንድ ከሃያ። መኪናዬን ስከፍት በሩን ከእጄ ነጠቀኝ።»

«ሄልሜት ሁለቴ ስለ መንካት ዴል የነገሩዎት ነገር አለ?»

«አዎ፤ ወደ መካከል እንወረውራለን ማለት ነው ብሎኝ ነበር። ለምን?»

«እንዲያው ነው።»

ናንስ ተከተለ። እሱ ብቻውን ፊልም ሲቆርጥ ነበር፤ ያየው ሰው የለም። ላብ በላብ ሆኗል። ሄልሜት መንካት ማለት ቅርቡ ጠርዝ ነው ተብሎ እንደተነገረው ተናገረ። ካርዶቹን ማን መንካት ይችላል ሲባል፣ «ማማው ላይ የወጣ ሁሉ» አለ። «ሣጥኑ ቁልፍ የለውም።»

ሶሬልስ ገብተው ሲቀመጡ ወንበሩ ተንቋቋ።

«ለዓርብ ራት ለልጆቼ ሥጋ ላመጣ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጣሁ» አሉ። «በየሳምንቱ ነው። ግንቡ ካልበላ አይቆምም! ስወጣ ዴል ማማው ላይ ሆኖ በዚያ ልጅ ላይ ሲጮህ ተውኩት። መጨረሻ የሰማሁት የእሱን ድምፅ ነው።»

ኖኤ ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሊጮህ ቃጣው።

«ልጁ ምን ዓይነት ውርወራ ነበር የሚወረውረው?»

ሶሬልስ ሳቁ። «ወይዘሮ ቨርና፣ እኔን ስለ ኳስ ይጠይቁኛል? ሃያ ሁለት ዓመት የግንብ አሰልጣኝ ነኝ። የማየው የአምስት ወፍራም ልጆችን እግር ነው። ኳሷ የት እንደገባች የማውቀው ከሕዝቡ ጩኸት ነው። ናንስን ይጠይቁት፤ ፊልም ሲያይም እግር ነው የሚያየው እያለ ሲያሾፍብኝ ይኖራል።»

«የሄልሜቱ ምልክትስ?»

«የምን ምልክት? ዴል ምንም አልነገረኝም።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ፊልም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ቲድዌልና ናንስ ፊት ለፊት፣ ሶሬልስ እግራቸውን ዘርግተው ከኋላ፣ ኖኤ ደግሞ ብቻውን ከጥግ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩን ይዘዋል። ኖኤ የፖሊሶቹን ወገብ ብቻ ነው የሚያየው፤ ካቴናው የተንጠለጠለበትን ቦታ።

«ሁላችሁም ይህን እዩና ያያችሁትን ንገሩኝ» አሉ ወይዘሮ ቨርና። መብራቱን አጠፉና ምስሉን ለቀቁት።

ኖኤ በምስሉ ውስጥ ወረወረ። ቅርቡን አንዴ፣ ቅርቡን ሁለቴ። ከዚያ ሩቁን። ኳሷ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች፤ በርሜሉን በሦስት እርምጃ ወደ ግራ ስታ ወደቀች። እንደገና ተወረወረች። እንደገና ወደ ግራ ስታ ወደቀች።

«ማየታችሁን ቀጥሉ» አሉ መርማሪዋ። «ሚስተር ሶሬልስ፣ ምን አዩ?»

«የልጁ የፊት እግር ጥሩ ነው» አሉ ሶሬልስ። «ኋለኛው ትንሽ ይንሸራተታል።»

ቲድዌል ግን ወደ ማያው ጠጋ ብለው ነበር። ናንስ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«አንድ ጊዜ ይመልሱልኝ» አሉ ቲድዌል። ድምፃቸው ተለውጧል። «ማማው በምዕራብ በኩል ነው። ስለዚህ የምስሉ ግራ ሰሜን ነው። ኳሷን... ኳሷን ነፋስ ወደ ሰሜን እየገፋት ነው!»

«ሃያዎቹንም ቆጥሬአለሁ» አሉ ወይዘሮ ቨርና። «ሃያዎቹም ወደ ሰሜን ነው የሳቱት። የሚነፍሰው ከደቡብ ነው ማለት ነው። ሐሙስ ሰሜኔው የገባው አሥራ አንድ ከሃያ ላይ ነው፤ ኮች ቲድዌል ጣሪያ ሲያንኳኳ ለከተማው በሬዲዮ አሰምተዋል። ይህ ምስል ደግሞ የሚጀምረው አሥራ አንድ ከአርባ ላይ ነው። ከሰሜን በሚነፍስ ነፋስ ወደ ሰሜን የምትገፋ ኳስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ኖኤ ዓይኑን ከካቴናው አነሣ።

«ዛፍ በሌለበት ሜዳ፣ ሣሩም ሰው ሠራሽ ሆኖ በማይተኛበት፣ ነፋሱን የሚናገር ሌላ ነገር ምስሉ ውስጥ የለም። ቅርቧም አትናገርም፤ አየር ላይ አትቆይማ። የምትናገረው ያቺ አስቸጋሪዋ ብቻ ናት። ይህን ያስተማረኝ ይህ ልጅ ነው፤ ለምን እንደምትከብድ ሲነግረኝ ራሱን ነፃ እያወጣ መሆኑን አላወቀም።»

«ስለዚህ ምስሉ የማክሰኞ ነው» አለ ናንስ።

«የማክሰኞ ነው። አንድ ሰው ማማው ላይ ሆኖ የሐሙሱን ካርድ ከካሜራው አወጣ፤ የማክሰኞውን አስገባበት፤ ‹ሐሙስ› የሚለውን ከአንዱ ልጦ በሌላው ላይ ለጠፈ። ልጁ ብቻውን ሲታይ፣ ሰዓቱም ሲገጥም አየና ረካ። አሁን አስቡ፤ ይህን ያደረገው ማነው? ኮች ቲድዌል ሬዲዮ ላይ ነበሩ። ናንስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራው ኳሷን በካሜራ መከተል ነው፤ ይህን ካርድ አንዴ ቢያየው ይጥለው ነበር። ይህን ምስል ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ የኳሷን መሄጃ የማያይ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ኋላ አልዞረም። ግን ሁሉም የሶሬልስ ወንበር ሲንቋቋ ሰሙ።

«ይኼ ቀልድ ነው?» አሉ ሶሬልስ። «ኳስ ስለማላይ ልትሰቅሉኝ ነው?»

«ኳስ ስለማያዩ ብቻማ አይደለም» አሉ መርማሪዋ፤ ከኪሳቸው አንዲት የተጨማደደች ማስታወሻ ደብተር አወጡ። «የዴል ናት። ወርዋሪው ሦስቴ ኳስ ሲጠለፍበት ሰው ሁሉ በልጁ ክንድ አሳበበ። ዴል ግን የተከላካዮቹን እግር አዩ፤ ከኳሷ ይቀድማል። አንድ ሰው ልምምዱን ለተጋጣሚ እያሳለፈ ነው አሉ። ስለዚህ አንዲት የውሸት ምልክት ፈጠሩ፤ ለሦስት ሰው ሦስት ትርጉም ሰጡ። ደብተሯ ላይ ተጽፏል። ለቲድዌል መካከል፤ ለናንስ ቅርቡ። ሁለቱም ሳይደብቁ ይህንኑ ነገሩኝ። ለሶሬልስ ሩቁ ጠርዝ። እርስዎ ግን ምንም አልተነገረኝም አሉኝ። ቅዳሜ ልጁ ሄልሜቱን ሲነካ ተከላካዩ የሮጠው ወዴት ነበር፣ ኖኤ?»

«ወደ ሩቁ» አለ ኖኤ።

«ሐሙስ ዴል ማማው ላይ ጠሩዎት። ካሜራውን ያስነሡትም ለእርስዎ ነው፤ ንግግራችሁን ሊይዙበት። ተጨቃጨቃችሁ፤ አንገታቸውን ያዙ፤ ገመዱ ተበጠሰ። ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ወጣሁ ያሉት ሰው ሥጋ ቤት የደረሱት አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ነው፤ መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው። ሥጋ ሻጩ እጅ መታጠቢያ ጠይቀው ወደ ጓሮ እንደገቡ ነግሮኛል። ጓሮው ውስጥ የአጥንት መጣያ አለ፤ የሚነሣው ቅዳሜ ነው።» መርማሪዋ ጥፍር የምታህል ካርድ በፕላስቲክ ከረጢት አንጠለጠሉ። «እኔ ገና አላየሁትም። ናንስ፣ እስቲ ክፈተው፤ አብረን እንስማ።»

ናንስ ተቀበላቸው። ካርዱን ወደ ማሽኑ አስጠጋ። ኖኤ የሟቹ ድምፅ ክፍሉን ሊሞላው እንደሆነ ባሰበ ጊዜ ጀርባው ላይ ውርጭ ሄደበት።

«አትክፈተው!»

ሶሬልስ ቆመዋል። ያ ትልቅ ሰውነት ግድግዳ ተደግፏል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አትክፈተው። ድምፁን አልችልም። ሲወድቅ... ስሜን ነው የጠራው።»

ፖሊሶቹ ሲጠጉ አልታገላቸውም። ኖኤ ከዚህ በኋላ ይህን ሰው በልቡ አንቱ ማለት አቃተው።

«ምን ሰጡህ?» አሉ ቲድዌል። «ምን ብለው ገዙህ?»

«ሥራ! ትልቅ ቦታ፣ ትልቅ ሜዳ» አለ ሶሬልስ። «ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አቧራ ውስጥ! እናንተ ሁላችሁ ኳሷን ተከትላችሁ ስታዩ፣ እኔንና ልጆቼን ማን አይቶን ያውቃል? ዴልን ልገድለው አልወጣሁም። ዝም በል ልለው ነው የወጣሁት።»

«እኔንስ?» አለ ኖኤ። ከየት እንደመጣበት አያውቅም፤ ብድግ ብሎ ነበር። «እኔን ምን አድርጌህ ነው?»

ሶሬልስ አየው። ይዘውት ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰው ቀረ። ወይዘሮ ቨርና ወደ ኖኤ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ «ሐሙስ የት እንደነበርክ መዝገቤ ላይ አልጻፍኩም። ሳያስፈልገኝ ቀርቷል። የማንም በር አይንኳኳም» አሉት። ኖኤ ያን ጊዜ ገባው፤ ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ቲድዌል ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ወደ እሱ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። አሰልጣኝ ሲጨንቀው የሚያውቀው አንድ መጽናኛ ቀጣዩ ጨዋታ ነው።

«ነገ እንጫወታለን፤ ዴል ቢኖር ይህንኑ ይል ነበር» አሉ። «የመጀመሪያዋ ውርወራ ሩቁ ጠርዝ ናት። አሁን አስቀድሞ የሚጠብቅህ ሌባ የለም። ለዴል ትወረውርለታለህ። እሺ፣ ልጄ?»

እሺ ማለት ቀላል ነበር። ምስጢሩ እንደ ተደበቀ ነው፤ ዶኛ ቼሎም ድናለች፤ ሦስት ሳምንት ዋሽቶ ያቆየው ቦታ በእጁ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ነው የቀረችው። ኖኤ ግን የሟቹን ድምፅ አስታወሰ፤ ሃያ ጊዜ ድገም ያሉት ሰው፣ የኖኤ ክንድ የበደለውን ሳይቀር የሌላ ሰው በደል ነው ብለው ሊሟገቱለት ማማ ላይ የወጡ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ስም የሚወድቅ ኳስ ሊወረውር ነው?

«ኮች፣ አልችልም» አለ።

«ምን ማለት ነው?»

«ትከሻዬ ተበላሽቷል። ሦስት ሳምንት ሆነው። ደብቄአችኋለሁ።» ቀኝ ክንዱን ሊያነሣላቸው ሞከረ። ደረቱ ጋ ሲደርስ ክንዱ ተንቀጥቅጦ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «ሩቁን ለመጨረሻ ጊዜ የወረወርኩት ማክሰኞ ነበር።»

ቲድዌል ክንዱን አዩ። ፊቱን ሳይሆን ክንዱን ነበር ያዩት፤ የሞተ ፈረስ እንደሚታይ። ከዚያ ወደ ናንስ ዞሩ።

«እንግዲህ ፔልን ጥራልኝ» አሉና ወጡ።

ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሣው ነገር የተፈጸመው በዚህ አጭር ቃል ነው። ኖኤ ጣሪያው ይወድቃል ብሎ ጠብቆ ነበር። ጣሪያው እንደ ቆመ ነው። ናንስ ፔልን ሊጠራ ሄደ።

«ና» አሉ ወይዘሮ ቨርና። «ሐኪም ቤት ላድርስህ። ወጌሻ መልካም ነው፤ ይኼ ግን ከወጌሻ አልፏል።»

ደጅ ሰሜኔው አሁንም ይነፍሳል። የመርማሪዋ መኪና ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። ቀበቶውን በግራ እጁ ቢስበው አልደርስ አለው፤ እርሳቸው በላዩ ተሻግረው አሰሩለት።

«ያምሃል?» አሉት።

ጓደኞቹ፣ አሰልጣኞቹ፣ እናቱም በስልክ፣ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ጠይቀውታል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ አያመኝም።

«አዎ» አለ ኖኤ። «በጣም ያመኛል።» እንባውን በሚችለው እጁ እየጠረገ አለቀሰ፤ ወይዘሮ ቨርናም መኪናውን አስነሡ።